የሚያስታውሰው ፎርጅድ ካሴት

እኔ ወይዘሮ ፈትለወርቅ አድማሱ፣ በላይ ጋይንት ወረዳ የንፋስ መውጫ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ሚያዝያ 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ይህን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት አስጽፋለሁ። የታመመው ሳንባዬ ነው፤ አእምሮዬን የሚጠራጠር ካለ ቀረብ ብሎ ይጠይቀኝና የሚያገኘውን መልስ ይየው። ያስገደደኝ ሰው የለም። እኔን ማስገደድ የሞከረው ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ይግዛው ብቻ ነበር፤ እርሱም ቶሎ ተወው።

ልጆቼ ኤልሳቤጥና ንጉሴ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ንጉሴ የአባቱን ጠመንጃ አንግቶ ነው የመጣው። ከዚህ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ እኔም ምስክሮቹም እናውቃለን። የታላቅ ወንድሙን የምንይችልን ገዳይ፣ ደምሌ የሚባለውን የእስቴ ሰው፣ ፍርዱን ጨርሶ ነገ ከእስር ሲወጣ መንገድ ላይ ሊጥለው አስቧል። ኑዛዜዬን ዛሬ ያደረግሁት ለዚህ ነው። የመጨረሻው ቃል ሳይነበብ ማንም ከደጄ እንዳይወጣ የንስሐ አባቴ መምሬ ቀለመወርቅ በመስቀላቸው ይያዙልኝ።

አንደኛ። ስሞት በሰበካችን ቤተ ክርስቲያን ከምንይችል ጎን ቅበሩኝ። ከይግዛው ጎን ቦታ አለ የሚል ዘመድ ቢመጣ፣ ከይግዛው ጋር በሕይወት ሳለን ብዙ ተኝተናል፣ ይበቃል በሉት።

ሁለተኛ። መኖሪያ ቤቴንና ሱቄን ከነዕቃው ለልጄ ለኤልሳቤጥ ሰጥቻለሁ። የሬዲዮውንና የባትሪ ድንጋዩን ንግድ ታውቀዋለች። የእጅ ጌሙን ግን ገና ጠንቅቃ አላወቀችውምና የፎርጅድ ካሴት መለያውን እዚሁ እነግራታለሁ፤ ከዚህ በታች ለምናገረውም ያስፈልጋል። መምሬ፣ እርስዎም እንዲገባዎት ያህል፣ የእጅ ጌም ማለት በሁለት እጅ ይዘው የሚጫወቱባት ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ጨዋታው ያለው ከኋላዋ በሚሰካው ካሴት ውስጥ ነው። አሮጌዎቹ ካሴቶች ዛሬ ፈላጊያቸው በዝቷል፤ አጭበርባሪያቸውም እንደዚያው።

ኤልሳቤጥ፣ የኦርጅናሉ ስቲከር ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጊው ብቻ የሚታይ፣ ተጭኖ የወጣ ቁጥር አለው። ብሎኑ ባለ ሦስት ክንፍ ነው፤ ተራ የመስቀል ካቻቪቴ ከፈታው ጠርጥሪ። በቅሉ፣ በውጭ ሽፋኑ፣ ብቻ ግን አትተማመኚ፤ ክፈችው። የኦርጅናሉ ቦርድ፣ ውስጡ ያለው ሰሌዳ፣ የሠሪው ስም ታትሞበታል፣ ጠፍጣፋ ባትሪም ተበይዶበታል። የፎርጅዱ መሐል ላይ እንደ ሬንጅ የረጋ ጥቁር ጠብታ ታገኛለሽ፤ ባትሪ የለውም። ባትሪ ስለሌለው አያስታውስም። ኦርጅናሉ ቢጠፋም ጨዋታው የደረሰበትን ይዞ ያድራል፤ ፎርጅዱ ሁሉን ረስቶ እንደገና ከሀ ይጀምራል። እኔ ከሱቄ የሚወጣውን ኦርጅናል ሁሉ ከፍቼ አይቼ ቦርዱ ጠርዝ ላይ በመርፌ «ፈ» ብዬ እጭርበታለሁ። አንቺም የራስሽን ፊደል ጫሪበት።

ሦስተኛ። ልጄን ንጉሴን ከውርሴ ነቅዬዋለሁ። ድርሻው ለልጆቹ ነው፤ ሚስቱ ፍቅርተ ታስተዳድርላቸው። ንጉሴ፣ ተቀመጥ። ሕጉ ልጁን የሚነቅል ሰው ምክንያቱን በግልጽ ያስጽፍ ይላል፤ ስለዚህ ምክንያቴን እየሰማህ ይጻፋል።

በ1997 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ በዋለ አርብ፣ ምንይችል አርብ ገበያ ወርዶ ዕቃውን ዘርግቶ ነበር። ደምሌ በመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ አጠገብ ወጣቶችን ጌም እያጫወተ የሚያድር ሰው ነበር። ከልጄ የገዛው ካሴት ባጠፋው ቁጥር ጨዋታውን እየረሳ የደንበኞቹ መሳቂያ አድርጎት ኖሯል። ሊመልሰው መጣ። «ፎርጅድ ነው የሸጥህልኝ፤ ብሬን አምጣ» አለው። ምንይችል ካሴቱን እኔ ከፍቼ እንዳየሁት ያውቃል። «እናቴ ያየችው ፎርጅድ አይሆንም፤ ጊዮርጊስን ኦርጅናል ነው» ብሎ ማለ። ደምሌ በገበያተኛው ፊት «የሌባ ልጅ፣ በታቦት ትምላለህ!» አለው። ልጄ በጥፊ መታው። ደምሌ በሽመሉ ጆሮ ግንዱን አለው፤ ከወደቀም በኋላ ደገመው። እኔ ስደርስ በነጠላ ሸፍነውት ነበር። ነጠላውን ገለጥሁት። ግንባሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አንድ ዓይኑም በቦታው አልነበረም። አላለቀስሁም። ድንጋይ አንስቼ ደምሌን ወደያዙት ፖሊሶች ሮጥሁ፤ ሁለቱ ባይይዙኝ ኖሮ ጉሮሮውን በጥርሴ አወጣው ነበር።

በችሎት ካሴቱ ተከፈተ። ስቲከሩ የእኔ፣ ብሎኑ የእኔ፤ ውስጡ ግን ባለ ጥቁር ጠብታ፣ «ፈ» የሌለበት። «ቅሉ የእኔ ነው፤ አንጎሉ የእኔ አይደለም» ብዬ መሰከርሁ። ያየሁትን ነው የተናገርሁት። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ፣ ደምሌ ኦርጅናሉን ሰርቆ፣ ፎርጅድ ከትቶ፣ ሊያጭበረብር መጥቶ ገደለ አለ። እናቱን ወይዘሮ አመተ ሥላሴን ገበያ ላይ «የሌባ እናት» እያሉ አስወጧት። እኔም ቆሜ እያየሁ ደስ ብሎኛል።

ዘንድሮ በሁዳዴ ንጉሴ ቤት ተኝቼ ስታመም፣ ፍቅርተ አንዲት የእጅ ጌም ይዛልኝ መጣች። «እትዬ፣ ቁልፏ ተጣብቆ እምቢ አለኝ፤ እስቲ ይዩልኝ። ንጉሴ ይቺን ካልነካካ እንቅልፍም አይወስደው» አለች። ካሴቱን አውጥቼ አየሁት። ስቲከሩ ቁጥር የለው፣ ብሎኑ ተራ። የእኔ ልጅ በፎርጅድ ይጫወታል ብዬ አፈርሁ። ቁልፏን አጽድቼ አበራኋት። የንጉሴ ስም በፈረንጅ ፊደል ወጣና ጨዋታው ካቆመበት ቀጠለ።

ፎርጅድ ካሴት አስታወሰ።

ካቻቪቴ አስመጥቼ ከፈትሁት። ቦርዱ ኦርጅናል ነው፤ ጠርዙ ላይ «ፈ» አለች። ያ ጨዋታ ሱቃችን የገባው አንድ ጊዜ፣ አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ እርሱም ደምሌ የገዛው ነው። ንጉሴ ወንድሙ ካሴቱን ሳይሸጠው በፊት ሲጫወትበት ነበር። የደረሰበት እንዳይጠፋበት ብሎ ኦርጅናሉን ቦርድ አውጥቶ በፎርጅድ ቅል ደበቀው፤ የፎርጅዱን ቦርድ በኦርጅናሉ ቅል ከተተና አሽጎ ለወንድሙ ሰጠው። ምንይችል በታቦት የማለው በዚያ ላይ ነው። የሞተውም በዚያ ነው። ይህ ሰው ወንድሙን ቀብሮ ተመልሶ ያንኑ ጨዋታ ካቆመበት ቀጠለ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ቀን ቀን ደግሞ «የወንድሜን ደም እመልሳለሁ» እያለ ጠመንጃ ሲወለውል እኔ «የእናቱ ልጅ!» እያልሁ እመርቀው ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሲገባ የሽንኩርት ቢላዋ ከብርድ ልብሴ ሥር ይዤ ጠበቅሁት። ቀርቦ ግንባሬን ሳመኝ። ልወጋው ስል ሳሌ ተነሳብኝ፤ ቀና አድርጎ ደግፎኝ ውኃ አጠጣኝ። ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። ቢላዋውን ወደ ቤቴ ስመለስ ይዤው መጥቻለሁ፤ ትራሴ ሥር ነው፤ የፍቅርተ ነውና መልሱላት።

አራተኛ። ንጉሴ ያነገተው ጠመንጃ ከባለቤቴ የወረስሁት የእኔ ነው፤ ከነጥይቱ ለወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሰጥቻለሁ። ልጇ ሲመጣ ደጃፏን የምትጠብቅበት ነገር ይኑራት። ደምሌ ነፍሰ ገዳይ ነው። ሌባ ግን አልነበረም፤ ይህን መምሬ ቀለመወርቅ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌው አቶ ላቀውም በአርብ ገበያ ይናገሩልኝ።

አምስተኛ። ደምሌ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነገ በቀጥታ ወደ ደጄ ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሚመጣ አቶ ላቀው ነግረውኛል። ይምጣ። ንጉሴ፣ አንተም ድንጋይ ተሸክመህ ውጣና መንገድ ላይ ተቀበለው። እርሱ ስለ ወንድምህ ደም፣ አንተ ስለ ወንድምህም ስለ እርሱም ተሸክማችሁ ኑ። ከዚያ የምለውን እላለሁ። እስካሁን ሁለታችሁንም ይቅር አላልሁም፤ ይህም ይጻፍ።

ንጉሴ ልናገር ብሏል፤ ፈቅጃለሁ። «እማ፣ ጨዋታው እንዳይጠፋብኝ ነው እንጂ፣ ይሞታል ብዬ መች አሰብሁ» አለ። «ከሞተ በኋላስ አፍህን ምን ያዘው?» አልሁት። ጥያቄዬንም ጻፍ።

ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ የለም፤ ከዚህ በኋላም ሌላ አደርጋለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ቃሌ ይኸው ነው።

ፈትለወርቅ አድማሱ (ፊርማ)

እኛ ምስክሮች መምሬ ቀለመወርቅ፣ አቶ ላቀው፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ እንዲሁም ጸሐፊው ምንተስኖት፣ ይህ ኑዛዜ በተናዛዧና በእኛ ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድምፅ መነበቡን እናረጋግጣለን። ንባቡ እንዳለቀ አቶ ንጉሴ ጠመንጃውን ከነጥይቱ በአቶ ላቀው እግር ሥር አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጥቷል። እኛ ስንፈርም ድንጋይ ሲያነሳ ይሰማ ነበር። ተናዛዧም በተኙበት ሆነው በመስኮቱ እያዩት «እሱ ቀላል ነው፤ ሌላ ፈልግ» ብለውታል።