ሁለት ማስጠንቀቂያ

ዓርብ፣ ኦገስት 14 ቀን 1998

ለታናሽ ወንድሜ ለኡቹ
ታዋው

ሰላሙ በአንተ፣ በሚስትህና በትንሿ ልጅ ላይ ይሁን። ይሄ አምስተኛው ደብዳቤዬ ነው፤ ለአራቱ መልስ አልሰጠኸኝም። ይሁን። «ካክ ሎንግ ካላወራች ትታመማለች» ትል የነበርከው አንተው ነህ፤ እንግዲህ ታላቅ እህትህን ቻላት።

ደህና ነኝ፤ የደም ግፊቱ እንደሆነ ለምዶኛል። ምሳዬን አሁንም ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ነው የምበላው። ወደ ሻይ ቤቱ ወርጄ ከአንዱ ወገን ጋር አንድ ጉርሻ ብቀምስ፣ ሌላው «አፈ ጉባኤዋ ተገዛች» ይላል። ለዒድ ቤቴን ከፍቼ ሁሉንም ጠርቼ ነበር። የሥጋ ወጣችንን ረንዳንጉን ሁለት ቀን ሠራሁ። አንዱ ወገን ሲገባ ሌላው ወጣ፤ ማንም ወንበር አላሞቀም። ቁጭ ብለው የበሉት የምክር ቤታችንን በትር የሚሸከሙት ፓክ ሰማን ብቻ ናቸው። «እመቤቴ፣ ሌላ እንግዳ የለም እንዴ?» አሉኝ። «ዝም ብለው ይብሉ» አልኳቸው። እሳቸው ሲወጡ አለቀስኩ። ለማን እናገራለሁ፣ ለአንተ ካልሆነ?

ባለፈው ማክሰኞ የወደቡ ተወካይና የጎማ እርሻዎቹ ተወካይ ተነስተው ተጯጯሁ። እኔም ተነሳሁ። ታውቃለህ፣ አፈ ጉባኤ ሲቆም ሁሉም መቀመጥ አለበት፤ ሌላ ምን ኃይል አለኝ? አንዱ ተቀመጠ፤ የወደቡ ሰው ግን «ጉልበቴን አሞኛል፣ መቀመጥ አልችልም» አለ። «ሲጮኹ ግን ምንም አላመመዎትም» ስለው ቤቱ ሳቀ፤ አፍሮ ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ ያኛውን «ውሸታም» አለው። ቃሉን እንዲያነሳ አንድ ጊዜ ጠየቅኩት፣ ሁለተኛ ጠየቅኩት። ሦስተኛው ላይ እያጉረመረመ አነሳ።

ያቺ ሦስተኛዋ ማስጠንቀቂያ እንቅልፍ ነሳችኝ። በማግስቱ አፈ ጉባኤ የሆንኩበትን የአሥራ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ አስወጥቼ አገላበጥኩ። ስንቱ ተሳድቧል መሰለህ! ሁሉንም ሦስት ጊዜ አስጠንቅቄያለሁ። ሁለት ጊዜ ብቻ አስጠንቅቄ ያባረርኩት አንድ ሰው አለ፤ አንተን።

ያን ቀን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። የግዛታችን ዋና ሚኒስትር ወረቀት ከፍ አድርጎ «ከወንዙ አሸዋ እንዲወጣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ፈርሟል» አለ። አንተ ዝርዝሩን ተቀብለህ አነበብክና ተነሳህ።

«አባታችን ዋሃብም ፈርመዋል ይላል! ከቀበርናቸው ሁለት ዓመታቸው! ውሸታም!»

«የተከበሩ የቡኪት ሰላሲህ ተወካይ፣ ቃሉን ያንሱ።»

«አላነሳም።»

«ቃሉን ያንሱ!»

«አላነሳም! ካክ ሎንግ፣ የከፈናቸውን ጨርቅ የገዛሽው አንቺ አይደለሽም?»

እዚያ አዳራሽ ውስጥ «ካክ ሎንግ» ስትለኝ ደነገጥኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ለወንድሟ አደላች እንዳይሉኝ ፈራሁ፣ ኡቹ። ፈራሁ በቃ። በእኛ ምክር ቤት ሰው በወረዳው እንጂ በስሙ አይጠራም፤ አፈ ጉባኤ በስሙ ከጠራው ተባረረ ማለት ነው። እኔም በመዝገብ ስምህ «ሸምሱሪ ቢን ዋሃብ፣ ከአዳራሹ ይውጡ» አልኩ። የአባባን ስም ከአንተ ጋር አብሬ ጠርቼ ወደ በሩ ሰደድኩት። ፓክ ሰማን ሲሸኙህ ወደ እኔ ዞረህ እንኳን አላየህም።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ፤ አሸዋው ይውጣ የሚለው በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። አንተ ብትኖር እኩል ለእኩል ይሆን ነበር። እኩል ሲሆን ደግሞ የመጨረሻውን ድምፅ የምሰጠው እኔ ነኝ። ያኔ ይሄን አስቤው እንደሆነ እባክህ አትጠይቀኝ።

አንተም በሳምንቱ ወንበርህን ትተህ ባሕር ተሻገርክ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ዘንድ ሦስት ዓመት ፈጀ። ማሽኖቹ አሁንም እየቆፈሩ ነው። የጀልባ መውጫችን የለም፤ ወንዙ የመቃብሩን አጥር ነክቷል። ትናንት ሄጄ ነበር። የአባባ መቃብር ራስጌ እስካሁን አልተነካም፤ ለመጪው ዝናብ ግን እፈራለሁ።

ሰኞ ምክር ቤቱ ይከፈታል። ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት እነሳለሁ፤ እነሱም ይቀመጣሉ። አንድ አባል ከሥርዓት ውጪ በእኔ ጥፋት መባረሩን እናገራለሁ። በዝርዝሩ ላይ የሟች ስም እንደነበረና እያወቅሁ ዝም ማለቴንም እናገራለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ከዚያ ካባዬን አውልቄ ለፓክ ሰማን አስረክባለሁ። እንደዚያ ብታደርጊ ማን ያናግርሻል እንዳትለኝ፤ አሁንስ ማን ያናግረኛል? ወደ ሻይ ቤቱ እወርድና ደስ ካለኝ ሰው ጋር ምሳ እበላለሁ። የሚያስቀምጠኝ ካገኘሁ።

አላህ ጤና ይስጥህ፣ ልጅህን ያሳድግልህ፣ በባሕር ላይ ይጠብቅህ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ያን ቀን ያልሰጠሁህን ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ዛሬ እሰጥሃለሁ፤ ኡቹ፣ ቃሉን እንዳታነሳ።

ካክ ሎንግህ
ኖርሲያህ