እማማ ዘቢባ የለቀሙት ወረቀት

ሐረር፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ውድ ኃይለመስቀል፣

እባክህ ሳትጨርሰው እንዳትቀድደው። ልጨቃጨቅህ አይደለም፤ ሰክሬም አይደለም። እፎይ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ድርሰቴ ተገኘ!

አዎ፣ ያ ሦስት ዓመት የለፋሁበት፤ «አንተ ነህ ያቃጠልክብኝ» ብዬ በሰው ፊት አንገትህን ያነቅኩበት። እጄን በቆረጠው! አንተ ያልከኝ «ይሄን ትተህ ሥራ ያዝ» ብቻ ነበር። በማግስቱ ፍራሽህን ጠቅልለህ ድሬዳዋ ወረድክ። እኔም ቡና መጋዘን ጆንያ ተሸከምኩ፣ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆረጥኩ፤ ከሁለቱም አረቄ አስባረረኝ። አሁን ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እማማ ዘቢባ የሚባሉ የኤረር በር ሴት የባላቸውን የቤት ውል እንድፈልግላቸው ቤታቸው ወሰዱኝ። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ከግድግዳው መደርደሪያ በጨርቅ የታሰረ ጥቅል አወጡ። ብፈታው የገዛ እጄ ጽሑፍ!

«ይሄን ከየት አገኙት?»

«ከመንገድ ነዋ! ሁለት ዓመት ይሆነዋል። አንድ ሰካራም በጠራራ ፀሐይ የከተማው ግንብ በር ሥር ቆሞ ‹ለማንም አይረባ!› እያለ ሲበትነው ለቀምኩት። የተጻፈ ነገር ይረገጣል እንዴ? የአላህ ስም ቢኖርበትስ?»

«ሰካራሙ እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ሱብሓነላህ!» ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «በል ውሰደው፤ መጀመሪያ ግን ውሌን ፈልግ።»

ውሉም ከሥሩ ተገኘ።

ለካ እኔው ነኝ የጣልኩት! ትዝ አይለኝም እኮ። ኃይሌ፣ ከድርሰቱ መገኘት ይልቅ አንተ እንዳልነካኸው ማወቄ ነው ያሳረፈኝ። ወንድሜን መጥላት ደክሞኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አረቄ አልቀመስኩም። ስምንት ቀን ነው፣ አትሳቅ።

ትናንት እማማ ዘቢባን ላመሰግን ሄድኩ። «የእኛ መጽሐፍ በአላህ ስም ይጀምራል፤ ያንተስ በማን ስም ይጀምራል?» አሉኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ አነበብኩላቸው፦ «ቁራሹንም ጣራውንም ላካፈለኝ ለወንድሜ ለኃይለመስቀል።» ረስቼው ነበር።

«ታዲያ ሰውየው የት ነው?» አሉ።

«ድሬዳዋ።»

«ድሬዳዋ ሩቅ ነው እንዴ?»

ቅዳሜ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ከፈለግህ አንተም አንገቴን እነቀኝ፤ ከዚያ ግን አብረን እናነበዋለን።

ወንድምህ ዘውዴ