የሃያ ሴቶች እቁብና የኔ ሱቅ ሒሳብ

ዓርብ፣ የካቲት 25፣ 2014

የእቁብ ቀን። ከሃያዎቹ አሥራ አንዱ ብቻ መጡ። የቀሩትን ዐረብ ማዳሞቻቸው አልለቀቋቸውም፤ ብራቸውን በሰው ላኩ። አምስት አምስት መቶ ሪያል። ዕጣው ለፍቅርተ ወጣ። እልልታዋን ሰምቶ የጎረቤቱ ፀጉር ቆራጭ ግድግዳውን ደበደበ። ምን ያድርግ፣ እቁብ የለው።

ብሩ እስኪሞላ እንደ ልማዴ የስፌት ሱቄ የባንክ ሒሳብ ውስጥ አስገባዋለሁ። ስድስት ሴት በምንተኛበት ክፍል ማን ብር ያስቀምጣል? ሲሞላ አውጥቼ ለባለ ዕጣዋ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሪያል ጎድሎብኝ አያውቅም። አልሐምዱሊላህ።

ለሁሉም ከረክ ሻይ ገዛሁ። ያቺ ሙሉሸዋ የምትባለው፣ አል ገራፋ ሰው ቤት የምትሠራዋ፣ "ጾም ነው፣ ወተት አለበት" ብላ መለሰችው። ሌላ ቃል አልወጣትም። አንገቷን ደፍታ ትመጣለች፣ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። ድስት ከማጠብ በቀር ምንም የማታውቅ ፍጡር። ምን ታስብ ይሆን? ምናልባት ምንም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 29

ባባ፣ ዐረቡ ስፖንሰሬ፣ መጣ። ሌላ ጊዜ ከመኪናው ሳይወርድ ነው የሚያናግረኝ፤ ዛሬ ገብቶ ቆመ። ከሱቁ ከመቶ ሃምሳ አንዱ የሱ ነው። የንግድ ፈቃዱ በሱ ስም፣ የኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ደግሞ በዚያ ፈቃድ።

የአምናው የግብር ሒሳብ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ለመንግሥት መቅረብ አለበት። እሱ ለአንድ ቢሮ አራት ሺህ ሪያል ከፍሎ የባንኩን ወረቀት አስነብቧል።

"ሁለት መቶ ስድሳ ሺህ ገብቷል። አንቺ የነገርሽኝ መቶ አርባ ነው። ሌላው የታለ?"

"ባባ፣ እሱ የሱቁ አይደለም። የሴቶች ጀምዒያ ነው።" እነሱም እቁብ አላቸው፤ ጀምዒያ ይሉታል።

"ጀምዒያ ስም አለው፣ ዝርዝር አለው። አሳዪኝ።"

ደብተሬን አወጣሁ። "ቀይዋ"። "የመንታ እናት"። "የሉሰይሏ ረጅም"። "የገራፋዋ"... ላነብለት አፈርኩ። እኔ እኮ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ስማቸውን መጻፍ ምን ያደርግልኛል ብዬ?

"እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ካልጠራ ኸላስ፣ ፈቃዱን እሰርዛለሁ። በስሜ ሌባ አይሠራም።"

ሌባ አለኝ። እኔን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 1

ሁለት አባያ አበላሸሁ። የአንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ዓርብ፣ መጋቢት 2

ዛሬ ያየሁትን ካልጻፍኩ አልተኛም።

ሙሉሸዋ የሥራ ቀሚሷን እንዳሰፋላት መጣች። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተበትነዋል፣ እኔ አለቅሳለሁ። አልዋሽም፣ ንፍጤ ሁሉ ወርዷል። የሆነውን ነገርኳት። ለማን አልነገርኩም?

"የባንክ መግለጫው ይሄ ነው? ልየው?"

እይው አልኳት፤ ምን ታመጣለች ብዬ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ተቀመጠች። ከዚያ ያቺ አንገቷን የምትደፋ ሴት ጠፋች። ጣቷ በወረቀቱ ላይ ሲወርድ የኔ እግር ስፌት መኪናው ላይ ቆመ።

"ስፒል አለሽ?"

የስፒል ትራሴን ሰጠኋት። አንድ፣ ሁለት... አሥራ ሁለት ስፒል ወረቀቱ ላይ ሰካች።

"እዪ። በየወሩ አሥር ሺህ ይገባል፣ በዚያው ሰሞን አሥር ሺህ ይወጣል። የገባ ሁሉ ገቢ አይደለም፣ ኡሙዬ። ይሄ እንግዳ ነው፤ አድሮ የሄደ።"

ከዚያ የክርና የጨርቅ ደረሰኞቼን ከላስቲኩ ውስጥ አውጥታ በየወሩ ደረደረች። ቀና ብላ አየችኝ።

"ጁላይ ላይ ታመሽ ነበር?"

ሱብሃነላህ! ኮሮና ይዞኝ ሃያ ቀን ተኝቻለሁ። ማን ነገራት?

"ሃያ ቀን ክር አልገዛሽም" አለች። "የዲሴምበርን ኪራይ ደግሞ ሁለቴ ከፍለሻል። አከራዩን ጠይቂው።"

ዓመቱን ሙሉ የኖርኩት እኔ፣ ያነበበችው እሷ!

"የት ተማርሽ?"

"አዲስ አበባ፣ ኮሜርስ። ከዚያ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ሰባት ዓመት ሠራሁ።"

"ሦስት ዓመት እዚህ ስትመጪ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

የናቁት ያስረግዛል ይላሉ አበው። ማን ጠየቃት፣ እውነቷን ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 9

አከራዩን ጠየቅኩት። እውነትም ሁለቴ ነው የከፈልኩት! ለቀጣዩ ወር ያዝልኝ አልኩት።

ሙሉሸዋ ስፒሎቹ ብቻ አይበቁም አለች። ሴቶቹ "ብሩ የኛ ነው" ብለው በሙሉ ስማቸውና በኢቃማ ቁጥራቸው ይፈርሙ። አምና በየወሩ ማን እንደወሰደችም ይታወቅ።

"ማን መቼ እንደወሰደች የጻፍሽው ነገር የለም?"

አለ እንጂ። ይሄው ማስታወሻዬ! የእቁብ ቀን ሳልጽፍ ያለፍኩበት ጊዜ የለም፤ ማን እልል እንዳለች፣ ማን እንዳለቀሰች፣ ከነስማቸው። ፈንጥዤ ሰጠኋት። ከሰጠኋት በኋላ ነው የካቲት 25 ትዝ ያለኝ።

"የአምናውን ብቻ እዪ እሺ?"

የዘንድሮውም ከባንኩ ጋር ይመሳከር ብላ ገጽ በገጽ አየች። ደረሰችበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

"ድስትም በደንብ ነው የማጥበው" አለችና ገጹን ገለጠች።

እስክሪብቶ አንስቼ ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ። "አይሰረዝም፣ አይቀደድም። ሒሳብ ላይ ስህተት ሲገኝ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፤ የድሮው እንዲነበብ። ጎኑ ይፈረማል።"

"በቃ፣ አሁን ላሰምር።"

"መጀመሪያ ስህተት መሆኑ ይጣራ" አለች። ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 13

ሱቁን ዘግቼ ለፊርማው አል ገራፋ ዋልኩ። ከበር በር። ደውዬ አልገባ፣ የማንን ማዳም አስቆጣለሁ? ቆሻሻ ሊያወጡ ብቅ እስኪሉ ጥላ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። መድና የገንዳውን ክዳን ጠረጴዛ አድርጋ ፈረመች። ሐሊማ መጻፍ አትችልም፤ አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብታ አተመች። ሁለቴ አተመችው፣ የመጀመሪያው አላማራትም።

"በኛ ብር አንቺን ሌባ ሊሉሽ?" አለች። እንባዬ መጣ። እነዚህን ሴቶች እኮ "ቀይዋ"፣ "የመንታ እናት" እያልኩ ነው ደብተሩ ላይ የጻፍኳቸው። ዛሬ ሙሉ ስማቸውን ሳየው እያንዳንዷ የአባት ስም አላት፣ የአያት ስም አላት። ምን አስቤ ነበር?

ሰኞ፣ መጋቢት 26

ረመዳን ሦስት። ሃያኛዋ ፊርማ መጣች። ሶሊያና፣ ሉሰይል ሆቴል የምታጸዳው ረጅሟ፣ ከምሳ እረፍቷ ቀንሳ በሜትሮ ይዛው መጣች። ውሃ እንኳን ሳትጠጣ ተመለሰች፤ እኔ ፆመኛ ስለሆንኩ አፍራ ነው። ሃያ ሞላ!

ዓርብ፣ ሚያዝያ 14

ስቅለት ነው። ሙሉሸዋ ቤተ ክርስቲያን ዋለች። ሱቁ ጭር አለብኝ። መቼ ለመድኳት?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 21

ነገ የግብሩ የመጨረሻ ቀን ነው። ባባ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ሙሉሸዋ ቆማ ጠበቀችው።

ወረቀቱን በተራ ዘረጋችለት። የሱቁ ገቢ እዚህ። ወጪው ከነደረሰኙ እዚህ። የሴቶቹ ብር ለብቻው፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ የባለ ዕጣዋ ስም። ከኔ የትርፍ ድርሻ ላይ አሥር በመቶ ግብር፤ ከፈራሁት ሩቡን አይሞላም። ዐረብኛዋ የኩሽና ዐረብኛ ነው፤ ግን ቁጥሩን ስትጠራ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

ባባ መነጽሩን አደረገ። ረጅም ጊዜ አነበበ። የሐሊማን የጣት አሻራ በጣቱ ነካው።

"ቢሮው ያላየውን አንቺ እንዴት አየሽው? አንቺ ማነሽ?"

"ሸጋላ ነኝ። አል ገራፋ፣ ሰው ቤት።"

"ሸጋላ?"

"የቤት ሠራተኛ። የሒሳብ ሠራተኛም ነኝ።"

ይሄን ስትል አንገቷ ቀጥ ብሎ ነበር። ያረብ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰው በሦስት ቃል እንዲህ ያድጋል?

ባባ ወደኔ ዞረ። "ሌባ ያልኩሽ... ፆመኛ ነኝ፣ አላህ ይማረኝ። አንቺም ማሪኝ።" ማርኩት። ምን እላለሁ? እሷ ቁጥሮቹን እያነበበችለት የግብሩን ቅጽ በስልኩ ሞላ፤ "ያላ፣ ቢስሚላህ" ብሎ ላከው። ፈቃዱም አለ፣ ኢቃማዬም አለ፣ ሱቁም አለ።

ዓርብ፣ ግንቦት 5

ከሱቁ ባንክ የእቁቡን ብር አወጣሁት። አሁን ፍቅርተ ለእቁቡ ብቻ በከፈተችው ሒሳብ ነው የሚገባው፤ ደብተሩም ላይ ሁሉም በሙሉ ስሟ አለች። "የሱቁ ኪስና ያንቺ ኪስ ይለያይ" ብላኛለች ሙሉሸዋ። እሺ አልኳት። ለሷ እሺ ያላለ ማን አለ?

ባባ የሥራ ዝውውሯን ወደ እኔ ሱቅ ሊያደርግላት ተስማምቷል። ማዳሟ "እስከ ሐጅ ቆዪልኝ" ብላለች። እስከዚያ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። ዛሬ ሰይድ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ደረሰኙን በጫማ ካርቶን ይዞ መጣ። ግድግዳ ደብዳቢው ፀጉር ቆራጭ ከኋላው ተሰለፈ። ለስፌት ከመጡት ይልቅ ለሷ የመጡት በዝተው ቁጭ የሚሉበት አጣሁ።

ከረክ ገዛሁላት። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ዓርብም ቢሆን ወተቱን ጠጣችው።

ሰው ሲቀል ይሄን ማስታወሻ ከፊቷ አስቀመጥኩ፣ የካቲት 25 ላይ ገልጬ። "ተጣራ ወይ?" አልኳት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ማስመሪያዬን አንስቼ "ድስት ከማጠብ በቀር" በሚለው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩ፣ የድሮው እንዲነበብ። ጎኑ ፈረምኩ።

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ከፊርማዬ ሥር ጻፈች፦ ያጣራችው፣ ሙሉሸዋ።