ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበት ወንበር

ገዳሪፍ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአየነው፣
ፖርት ሱዳን

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? የባሕሩ ወበቅስ እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ደብዳቤውን ይዘውልህ የመጡትን ሰዎች አስቀምጣቸው። በጠዋት መጡብኝ ብለህ ፊትህን አታጥቁርባቸው፤ እኔ ነኝ በጠዋት ሂዱ ያልኳቸው። አንብበህ ሳትጨርስ አትሸኛቸው። ይህችን አንዲት ነገር እሺ በለኝ እንጂ ሌላ አልለምንህም።

መልእክትህን ኣኽሊሉ አድርሶልኛል። መቼም ይህ ሰው ሎሪውን ይዞ ከገዳሪፍ ፖርት ሱዳን ሲመላለስ ከሰሊጡ ጋር የሰው ወሬም ይጭናል። መጀመሪያ የጠየቅኸው ስለ መኪናዋ ነው አለኝ። ጣራዋ ተቀዷል ወይ፣ ዝገት ነክቷታል ወይ፣ ሞተሯ ይነሳል ወይ ብለህ ጠይቀህ ጠይቀህ ስታበቃ ነው አሉ “እናቴስ ደህና ናት?” ያልከው። አሁን የምትፈልገው ኣኽሊሉ መኪናዋን እየነዳ እንዲያመጣልህ፣ እማማ ሣህሊቱ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጠው እንዲመጡ ነው። “ሁለት ወንበር አላት፤ ለሁለቱ ትበቃለች” አልክ አሉ። እኔ ቦታ የለኝም። ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ።

እንግዲህ እኔም እንዳንተ ከመኪናዋ ልጀምር።

ካርቱም እያለን ጌታህ ነጋዴው አገር ጥሎ ሲሸሽ ቁልፏን ሲሰጥህ የነበረህን ደስታ አልረሳውም። ቀይ፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ጣራዋ ወደኋላ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ነገር። ሰው ወደ ሌላ መኪና ይወጣል፤ እሷ ውስጥ ግን ይወድቃል። ባትሪዋ ለምን ከፊት ሳይሆን ከኋላ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ፊትና ኋላዋ እኩል እንዲመዝን መሆኑን፣ መብራቶቿ ቀን ቀን ለምን ተከድነው እንደሚውሉ ማታ ማታ ታስረዳኝ ነበር። በትዳራችን ዘመን ስለምንም ነገር እንዲህ ረጋ ብለህ አስረድተኸኝ አታውቅም። እኔም ሞኝ ነበርኩና ደስ ብሎኝ እሰማህ ነበር።

ከዚያ የዛሬ ሁለት ዓመት ያ የሰኔ ጠዋት መጣ። ጥይቱ ሰፈራችን ገባ፤ ሦስታችን በር ላይ ቆምን፤ አንተ፣ እናትህና እኔ። ጌታህ የተወውን ያን ትልቅ ቴሌቪዥን ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ልታስገባው ሞከርክ። ባትሪውና ትርፍ ጎማው ቦታውን ይዘውት እምቢ አለ። አንስተህ የተሳፋሪው ወንበር ላይ አስቀመጥከው፤ በእኔ ብርድ ልብስ ጠቀለልከው፤ እንዳይወድቅም ቀበቶ አሰርክለት። ለእኛ ደግሞ ወንበሩ ሁለት ብቻ ነው፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁን መምረጥ አልችልም፣ ዕቃውን አድርሼ በሎሪ እመለስላችኋለሁ አልክ። ቴሌቪዥኑን መምረጥ ግን አልከበደህም። እናትህ መስኮቱ ድረስ ጎንበስ ብለው መረቁህ። እኔ አልመረቅሁህም፤ አሁንም አልጸጸትም።

በመዳኒ አድርገን መጣን። ገሚሱን በእግር፣ ገሚሱን በሎሪ ላይ። እማማ ጉልበታቸው ሲያብጥ በነጠላ እያሰርኩላቸው እንሄዳለን። ቀይ መኪና ባለፈ ቁጥር ቆም ይሉ ነበር። አለመመለስህን ባዩ ጊዜ ምን አሉ መሰለህ? እኛን ሊወስድ ሲመለስ መንገድ ላይ ገደሉት አሉ። ገዳሪፍ የገባነው እሳቸው አንተን እያለቀሱ ነው። ስልክ ተቋርጦ እንደነበር አውቃለሁ፤ እሱን ምክንያት እንዳትነግረኝ።

እዚህ ሰናዒያ፣ ጋራዦቹ በተደረደሩበት ሰፈር፣ የሣር ዳስ ጥዬ ሻይ መሸጥ ጀመርኩ። ከጎኔ ያለው ጋራዥ የወልዳይ ነው። ወልዳይ የትግራይ ሰው ነው፤ የእነሱ ጦርነት ጊዜ በሐምዳይት ተሻግሮ የመጣ፣ ዝምተኛ መካኒክ። አንድ ቀን ንፋስ ግቢው ውስጥ ያለ ሸራ ገለጠና እማማ የሻይ ብርጭቆ ይዘው እንደቆሙ ደነገጡ። ቀዩን ቀለም አይተውት ነበር። የልጄ መኪና ነች፣ ሬሳው የት አለ እያሉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ወልዳይ እጃቸውን ይዞ ነገራቸው። መኪናዋን ከከተማው ዳር ከጥቁሩ ጭቃ በትራክተር ጎትተው ነው ያመጡለት። የጎተቷት ሰዎች እንደነገሩት ባለቤቷ፣ ማለት አንተ፣ ሞተሯ ተቃጥሏል ብለህ ጥለሃት፣ ቴሌቪዥኑን አሸክመህ ወደ ፖርት ሱዳን አውቶቡስ ተሳፍረሃል።

እናትህ እልል አሉ። ልጄ በሕይወት አለ ብለው በጋራዡ ዘይት ላይ ተንበርክከው እመቤቴን አመሰገኑ። እኔ የዚያን ቀን ነው ቂም የቋጠርኩብህ። ከካርቱም ጥለኸን መሄድህን ምናልባት ፈርቶ ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ገዳሪፍ ደርሰህ፣ እግርህ ደረቅ መሬት ከረገጠ በኋላ፣ ፊትህን ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ባሕሩ ማዞርህን ግን አልተውልህም።

መኪናዋ ደግሞ አልተቃጠለችም ነበር። ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ጣራዋ በሚታጠፍበት ጥግና ጥግ፣ የዝናብ ውሃ ወደ መሬት የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሏት። ካርቱም አቧራ ሲበዛ በማስቲካና በጨርቅ ደፍነህ “ኸዋጃ ይህን አላሰበበትም” እያልክ በሠራት ፈረንጅ ላይ ስትኩራራ አስታውሳለሁ። የገዳሪፍ ኸሪፍ፣ ክረምቱ፣ ሲጀምር ዝናቡ የሚወጣበት አጥቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሽቦዎቿ ረጠቡ፤ ባትሪዋም እዚያው ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ውሃ ውስጥ ቆመ። ወልዳይ በሽቦ ጎርጉሮ ማስቲካህን ሲያወጣው ውሃው እግሩ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ አደረቃት፣ ባትሪ ቀየረላትና ተነሳች። በገዛ ብልጠትህ ያሰጠምካትን መኪና ተቃጠለች ብለህ ጥለሃት መሄድህን ሳስብ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሳቅሁ።

ባለፈው ኸሪፍ እማማን ወባ ያዛቸው። ዝናቡ አላባራ ብሎ ራክሻ፣ የዚህ አገር ባጃጅ፣ የለም፣ አህያ ጋሪ የለም፤ ግቢው ውስጥ የምትነሳው ያቺ መኪና ብቻ ነበረች። ወልዳይ ሊነዳ ገባ። እማማን ደግፈን፣ ጎንበስ አድርገን፣ የተሳፋሪው ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ያ ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበት ወንበር ላይ። ቀበቶውንም እኔ አሰርኩላቸው። አብሬ መሄድ ነበረብኝና ቦታ ስፈልግ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ ጣራው ታጥፎ የሚያርፍበትን መደብ አየሁት። ጣራው ከተዘረጋ እሱ ባዶ ነው። ጉልበቴን አጥፌ በጎኔ ተጋደምኩበት። አፍንጫዬ የኋላውን የላስቲክ መስኮት ነካ እንጂ ሌላ የጎደለብኝ ነገር አልነበረም።

እማማ በትኩሳታቸው መሀል አንገታቸውን አዙረው ተመቸሽ ወይ አሉኝ። ተመችቶኛል አልኳቸው። ትንሽ መንገድ እንደሄድን ድምፃቸው ቀስ ብሎ መጣ።

“ሸጊቱ፣ ለሦስት ትበቃ ኖሯል እኮ።”

እኔ ከእሳቸው በቁመትም በውፍረትም እበልጣለሁ። እሳቸው እዚያ መደብ ላይ ቢተኙ ለትራስም ቦታ ይተርፋቸው ነበር። አንተ የእያንዳንዷን ብሎን ምክንያት የምታውቅ ሰው፣ ጣራውን በየቀኑ እያጠፍክ የምትዘረጋ ሰው፣ ያን ቦታ አላየሁትም ብትለኝ አላምንህም።

ሆስፒታል ስንደርስ ከዚያ ጎድጓዳ ወንበር ላይ ልናስነሳቸው አልቻልንም። በሯ ጠባብ ነው፣ ወንበሯ መሬት ነው፣ እሳቸውም አቅም አልነበራቸውም። ወልዳይ ጣራውን ወደኋላ አጠፈውና ከዘበኛው ጋር ሆነው በብብታቸውና በጉልበታቸው ይዘው ከላይ አነሷቸው። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርድ ነበር፤ እኔ በነጠላዬ እጠርግላቸው ነበር።

ስለ መኪናዋ የቀረውን ልጨርስልህ። አልሸጥኳትም፣ አልላክኋትም። አፈረስኳት። ወልዳይ ለመነኝ፤ ይቺ እኮ ትሠራለች፣ ኃጢአት ነው አለ። መፍቻውን አምጣ አልኩት። ጣራዋ ከነላስቲክ መስኮቱ የሻይ ዳሴን ከዝናብ ይከልልኛል። የአንተ ወንበር ላይ የጋራዡ ፍየል ትተኛበታለች፤ በጣም ተመችቷታል። መብራቶቿን ነቅለው ሲያወጡ ቆሜ አየሁ። ብሎን በተፈታ ቁጥር ሆዴ ቅቤ ጠጣ፤ ይህን የምጽፍልህ እንዲያምህ ነው። የተሳፋሪዋን ወንበር ግን እኔ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ። ዳሱ ውስጥ፣ ጥላው ሥር፣ በድንጋይ ከፍ አድርጌዋለሁ። ከቁረይሻ እርሻ ደክመው የሚመጡ ጎረምሶች እንኳ አይቀመጡበትም፤ ለአሮጊት ብቻ ነው። ቀበቶውን ቆርጬ ከደብዳቤው ጋር በያዙት ጥቅል ውስጥ ልኬልሃለሁ።

አየነው፣ እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ሽማግሌ ተመርጦ በጠዋት ይኬዳል እንጂ ለሰው ብቻውን አይነገርም። ከጥር ጀምሮ፣ አንተ ያለንበትን ካወቅህ ጀምሮ፣ ኣኽሊሉ እማማ ተኝተዋል፣ ጠበል ሄደዋል እያለ ሲያታልልህ የከረመው ለዚህ ነው። እኔ ግን በልቤ ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ብቻህን ሆነህ እንድትሰማው ፈልጌ ነበር። ክንድህን የሚይዝህ ሰው ሳይኖር፣ እኛን በር ላይ እንዳቆምከን፣ አንተም ወደብህ ላይ ብቻህን ቆመህ እንድታነበው። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ በልቤ እንደጻፍኩት ብታውቅ ትፈራኝ ነበር።

እናትህ ግን አወቁብኝ። ሆስፒታል በገባን ማግስት፣ ሊያርፉ ሲሉ፣ እጄን ይዘው “ለልጄ ብቻውን እንዳትነግሪው” አሉኝ። በዚያች ሰዓት ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም። ስለ መኪናው አላነሱም፣ ስለ ቴሌቪዥኑ አላነሱም። እሺ እማማ አልኳቸው።

አሁን ቀና በል። በቀኝህ ኣኽሊሉ ነው፤ በግራህ ያሉት ሽማግሌ አቶ ባንታምላክ ይባላሉ፤ የመተማ ሰው ናቸው፣ የአባትህን ዘመዶች ያውቃሉ። ለሁለቱም ወንበር ስጥ ያልኩህ ለዚህ ነው። የላክኋቸው እኔ አይደለሁም፤ እናትህ ናቸው። እኔ ይቅር አላልኩህም።

ሙት ዓመታቸው ነሐሴ ውስጥ ነው፤ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴና ዝክሩን አዘጋጅቻለሁ። የምትመጣ ከሆነ አውቶቡስ አለ። ዳሴ ስትገባ ወንበሩን ታየዋለህ። አትቀመጥበትም፤ ፊቱ ትቆማለህ።

ነፍሳቸውን ይማር። አንተንም እግዚአብሔር ያጽናህ።

የእማማ ሣህሊቱ ልጅ፣
ሸጊቱ