አሥራ አንዱ አንዶች

ሰኞ

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ከጤና ጣቢያ ስመለስ አባዬ እንደ ልማዳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያካፍላሉ። እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ቁጥር ነው፦ 11111111111። አሥራ አንድ ጊዜ አንድ። ከራሱና ከአንድ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር አለ ወይስ የለም? በ3፣ በ7፣ በ13 እያሉ በእጃቸው ሲሞክሩ አሥራ ስምንት ሺህ አልፈዋል። ካልተገኘ እስከ መቶ አምስት ሺህ መሄድ አለባቸው።

ዓይናቸው ደክሟል፤ አሳዘኑኝ። ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩት። ወዲያው መልሱ መጣ።

«አባዬ፣ ተገኘ! 21649 ሲባዛ በ513239!»

እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ደግ አደረግሽ» ብለውኝ ገቡ።

ማክሰኞ

በረንዳው ባዶ ነው። ምሳ፦ ሁለት ጉርሻ። ራት፦ «ጠግቤያለሁ።» ደም ግፊታቸውን ለካሁ፤ ደህና ነው። ነርስ ተብዬ! በሽታውን እያወቅሁ መሣሪያ አነሳለሁ።

ረቡዕ

ጎረቤታችን መሪጌታ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ የሁልጊዜውን ጠየቁ፦ «መምህር፣ ዛሬስ የት ደረሱ?»

«እኔማ መቼ ደረስሁ፤ አደረሱኝ እንጂ» አሉ አባዬ።

መሪጌታ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሦስት ሺህ ምናምን ነበር የቀራቸው። ቢዘገይ ለከርሞ በገዛ እጃቸው ይደርሱበት ነበር። «ተገኘ!» ብሎ መጮህ የእሳቸው ነበር። ቀማኋቸው።

ዓርብ

ይቅርታ ጠየቅሁ። ልረዳዎት ብዬ ነው አልኩ።

«እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቀኑ አልመሽ አለኝ፣ ልጄ። የማያልቅ ነገር ነው የፈለግሁት። አውቄ ነው ቀስ የምለው።»

ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን አላወቅሁም። የት ደረሱ ብለው የሚጠይቁት ጎረቤት ናቸው። እኔ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ስገባ «በሉ ይብቃዎት፣ ዓይንዎን» ነው የምለው። ይኸው በቃቸው።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ አሥራ ሦስት አንዶች ጽፌ ሰጠኋቸው። አይተው ፈገግ አሉ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። «ይሄማ በ53 ይካፈላል። ድሮ ጨርሼዋለሁ።»

ተሽቀዳድሜ አራት አንዶች ጨመርኩበት። አሥራ ሰባት ሆነ። ትክ ብለው አዩት።

«መልሱን አይተሽዋል?»

«በመድኃኔ ዓለም፣ አላየሁም።»

እውነቴን ነው። ማመናቸውን ግን እንጃ።

«አምንሻለሁ። ግን ልጄ፣ ባታይውም ኪስሽ ውስጥ እንዳለ አወቅሁ እኮ።»

ወረቀቱን ግን አልመለሱልኝም።