ስለ አንድ የጭማቂ ቤት ፈቃድና ስለ እህቴ ፊት

ለተከበሩ አቶ ዳኛው
የምግብ፣ የመጠጥና የውበት ቤቶች ፈቃድ የጋራ ዴስክ ኃላፊ
ጎንደር፤ ጥር 2006 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ማኅተምዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አልሐምዱ ሊላህ፣ አለን። ስሜ ጦይባ ዐብዱልከሪም ይባላል፤ በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አባቴ ፒያሳ የጨርቅ መደብር አላቸው፤ ዐዚዛ የምትባል የሃያ ዓመት እህትም አለችኝ። ስድስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ ተመላልሼ በአካል ላገኝዎ ስላልታደልኩ፣ ከዚህ በላይ ጊዜዎን ላለመሻማት ብዬ በአደባባይ መጻፍን መርጫለሁ። ደብዳቤዬ ቁጣ ቢያንሰው ንቀት እንዳይመስልዎ፤ ቁጣው ኅዳር ላይ አልቆብኝ ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፒያሳ በሚገኘው በወይዘሮ የዓለምወርቅ የውበት ሳሎን ለሙሽሮች ፊት የሚቀባው የጠርሙስ ፈሳሽ ይመርመር፤ እስኪመረመር ድረስም መቀባቱ ይቁም። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ ሙሽራ ወረፋ ትይዛለች።

አንደኛ፤ በቅድሚያ ስለ ፈቃዱ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ለዐሥር ዓመት ፀጉር ሲሠሩ የኖሩ ጨዋ ሴት ናቸው። ዘንድሮ የፊት ቆዳ የሚልጥ የፍራፍሬ አሲድ የሚባል ነገር አስመጥተው፣ ሕግ አክባሪ ናቸውና ፈቃድ ሊጠይቁ ወደ እናንተ መጡ። በቅጻችሁ ላይ እንዲህ ላለው ሥራ የሚሆን ቦታ ስላልነበረ፣ ሠራተኛችሁ «ፍራፍሬ» የሚለውን አንብበው በጭማቂ ቤት ሥር መዘገቡት። ተቆጣጣሪዎችም ሳይውሉ ሳያድሩ መጥተው የእጅ መታጠቢያውን አዩ፣ የዝንብ መከላከያውን አዩ፣ ብርጭቆ በማጣታቸውም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲሟላ አሳሰቡ። ወይዘሮዋም ሁለት ደርዘን ብርጭቆ ገዝተው ከሻምፖው አጠገብ ደረደሩ። ከዚያ በኋላ «ለጤና ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ባለ ክብ ማኅተም ምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ከመስተዋቱ በላይ ተሰቅሏል። ብርጭቆዎቹ ማንም ስላልጠጣባቸው እስከ ዛሬ ንጹሕ ናቸው።

ሁለተኛ፤ ዴስክዎ ለፍራፍሬ ያለውን ፍቅር ተገንዝቤ፣ ስለ ጉዳዩ ጥቂት ባስረዳ ድፍረት አይሆንብኝም ብዬ አምናለሁ። ሎሚ፣ ፖም፣ ወይን፣ ሸንኮራ አገዳ፣ እርጎም ሳይቀር በውስጣቸው አሲድ አላቸው። ይህ አሲድ በልኩ ሲቀባ የላይኛውን የሞተ የቆዳ ሽፋን ያላቅቀዋል፤ ሲረግፍም ከሥር ያለው ወዝ ያለው ቆዳ ይታያል። ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በሠለጠነ እጅ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ዋናው ብርታቱ፣ የሚቆይበት ደቂቃና የሚያበርደው ነገር ነው። ደካማው፣ እስከ ዐሥር ከመቶ ያለው፣ ቤት ውስጥም ይቀባል፤ ከዚያ የበረታው ሥልጠና ይፈልጋል፤ ሰባ ከመቶው ግን የሐኪም ሥራ ነው። አስቀድሞ ከጆሮ ጀርባ በጥቂቱ ይሞከራል፤ በሰዓት እየተቆጠረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ይበርዳል፤ ከዚያም ለሳምንታት ከፀሐይ መሸሽ ነው፤ የጎንደር ፀሐይ ደግሞ ለማንም አታዝንም። እንደኛ ያለ ጠይም ቆዳ ከተቃጠለ ይጠቁራል፤ የጠቆረውም በቀላሉ አይለቅም። ይህን ሁሉ ያነበብኩት በኋላ ነው። በወይዘሮ የዓለምወርቅ ጠርሙስ ላይ ሰባ ከመቶ ተብሎ ተጽፏል።

ሦስተኛ፤ የኅዳሩን ቀን በአጭሩ ልንገርዎ። ለዐዚዛ ኒካሕ ሃያ ቀን ቀርቶት ነበር። ወይዘሮዋ የሚያውቁት ፀጉር ማለስለሻውን ሪላክሰር ነውና አሲዱንም እንደዚያው በብሩሽ ቀቡት፣ ካላቃጠለ አይሠራም አሉ፣ እንደ ፀጉሩም ሃያ ደቂቃ አቆይተው በሻምፖ አጠቡት። ዐዚዛ አልጮኸችም። ሙሽራ በቻይነቷ ትመሰገናለች ተብላ ያደገች ልጅ ናት፤ የወንበሩን ክንድ ብቻ ይዛ ቆየች። እኔ ከኋላዋ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፈተና አርም ነበር። ከመቀባቱ በፊት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ በጣታቸው የእናንተን ምስክር ወረቀት አሳዩኝ። የኬሚስትሪ መምህርት ሆኜ ሳለ ጠርሙሱን አንስቼ አላነበብኩም፤ የወረቀቱንም ርእስ አላነበብኩም፤ ማኅተም አይቼ ወደ ፈተናዬ ተመለስኩ። በዚህ ላይ ያለኝን ቅሬታ ለእርስዎ አላቀርብም፤ የሚቀርብበትን ቦታ አውቀዋለሁ።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ያለቅሳሉ፤ አልቅሰው ሲያበቁ ገብተው ይቀባሉ።

የዐዚዛ ሁለት ጉንጮች መጀመሪያ ቀሉ፣ ከዚያ ተገሸለጡ፣ ከዚያ ጠቆሩ። የግራው ሲነካ አይሰማትም፤ ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ ነክቶ ሲጠይቃት «የቱን ነካህ?» አለችው። ከመደብሩ ባንኮኒ ፊት ቆማ ለግማሽ ከተማ ጨርቅ ስትሸጥ የነበረች ልጅ አሁን ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ትለካለች፣ ትቆርጣለች። እጮኛዋ ኡዘይር ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣል፤ ፊትሽ እንደሆነው ይሁን፣ ቀን ቁረጪ ብሎ በአባቴ በኩል ይልክባታል። እሷም ደኅና ነኝ በሉት ትላለች፤ በመካከላቸው ያለው ሦስት ሜትር አይሞላም። ቤታችን ውስጥ ማልቀስ ካቆምን ቆየን፤ ምሳ ይቀርባል፣ ይበላል፣ ይነሳል።

አራተኛ፤ አቤቱታዬ ስለተስተናገደበት ሁኔታ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የመጠጥ ክፍሉ ቅጽ አውጥቶ «ተጎጂዋ ስንት ብርጭቆ ጠጣች?» ብሎ ጠየቀኝ። አልጠጣችም፣ ተቀባች ብል፣ ካልተጠጣ የኛ አይደለም ተብዬ ወደ ውበት ክፍል ተላክሁ። የውበት ክፍሉ ድርጅቱ በጭማቂ የተመዘገበ ስለሆነ አይመለከተንም አለና ወደ መጠጥ ክፍል መለሰኝ። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት ስለሚገኙ ድካሙ ብዙ አልነበረም። በወሩ ተቆጣጣሪ ተልኮ የቧንቧውን ውኃ ናሙና ወሰደ፤ ውኃው ንጹሕ መሆኑ በደብዳቤ ተገልጾልናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእናንተው ግን የጮኸው በሌላ ሰው ግቢ ነው።

እዚህ ላይ የበር ጠባቂያችሁን አያ ደመቀን ሳላነሳ ባልፍ ደግ አይሆንም። የድብ ባሕር ሰው ናቸው። በአራተኛው ምልልሴ ከተቀመጡበት ተነሥተው «ምነው ልጄ፣ ልጅቱስ እንዴት ሆነችልሽ?» አሉኝ። በስድስቱም ምልልሴ ስለ እህቴ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ማኅተም አልተሰጣቸውም።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜና ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ከሰዓት ሁሉ በሳሎኑ በር ላይ መቆም ጀመርኩ። አልጮህም፣ አልሳደብም። ለምትገባዋ ልጅ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር እነግራታለሁ፣ የዐዚዛን ፎቶ አሳያታለሁ፤ ዐዚዛ ራሷ ናት የሰጠችኝ፣ አሳዪያቸው ብላ። በሦስተኛው ቀን «ሕጋዊ የንግድ ሥራ በማወክ» የሚል የጥሪ ደብዳቤ ከዴስክዎ ደረሰኝ። ሁለት ወር ለተጠበቀ መልስ ሦስት ቀን መብቃቱን አይቼ በእውነት ተደንቄያለሁ። ሰኞ ጠዋት ቀርቤ ዳግመኛ በዚያ በር እንዳልቆም ግዴታ እገባለሁ፤ እንቢ ካልኩ ጉዳዩ ለትምህርት ቤቴ ይጻፋል ተብያለሁ። እፈርማለሁ፤ የእህቴን መድኃኒት የሚገዛው ደሞዜ ነውና። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን በእኔ ቦታ የሚቆም አንድ ሰው ቢመድቡልን የቦታው አቀማመጥ ሸጋ ነው፤ ጥላ አለው፣ የሚገቡትም ሁሉ በዚያው ያልፋሉ።

ለፊርማዎ ውበት፣ ለማኅተምዎ ክብነት፣ ለሁለት ደርዘን ብርጭቆዎቻችን ንጽሕና ስላደረጉት ጥንቃቄ ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ አላህ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ ልጆችዎንም ለወግ ለማዕረግ እንዲያበቃልዎ ዘወትር የምመኝ፣

ጦይባ ዐብዱልከሪም
የኬሚስትሪ መምህርት፣ ለጊዜው የንግድ አዋኪ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ለመዝገብዎ እንዲሆን፣ እስከ ትናንት ዐሥራ አንድ ልጆች ሰምተውኝ ተመልሰዋል። ትናንት ቅዳሜ ከማክሰኝት አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጣች፤ ፊቷ ምንም እንከን የማይወጣለት ልጅ ናት። ቁጥሩን ነገርኳቸው፣ ፎቶውን አሳየኋቸው፣ እናቲቱ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ፈቃድ የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው» አልኳቸው። ገቡ።