ቃጭሉ እንዲሰማ

መጋቢት 3፣ ሰኞ
ዛሬም መናኸሪያ። ከማለዳ ጀምሮ የአውቶቡሶቹን መድረሻ ስጠራ ዋልኩ። ድምፅ ማጉያው ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ። እኔ እያለሁ ማን ያሠራዋል? "ማይክራፎን" ያሉኝ ወደው አይደለም።
ቅዳሜ ልጄ ትጫወታለች። የአካል ጉዳተኞች ስፖርት ኤጀንሲ ለብሔራዊ ቡድን ሊመርጥ ነው። ጎልቦል ይሉታል፣ የዓይነ ስውራን ጨዋታ። ስትጫወት ላያት የመጀመሪያዬ ነው።

መጋቢት 8፣ ቅዳሜ
ምን ነካኝ...
ሦስት ለሦስት ናቸው። ዓይናቸው ተሸፍኗል። ኳሷ ውስጥ ቃጭል አለ፤ እሱን ሰምተው ወለሉ ላይ እየተዘረሩ በገላቸው ይጋርዷታል። ስለዚህ ተመልካች ትንፍሽ አይልም። በሩ ላይ ነግረውኛል፣ እሺም ብያለሁ። ግን ኳሷ በልጄ ግራ ስትመጣ ሳይ... "በግራሽ! በግራሽ!" አዳራሹ ተናጋ። እሷ ወደ ኳሷ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።
ዳኛው አስደገመ። ልቧ ግን ተሰርቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ጎል ገባባት።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

መጋቢት 9፣ እሁድ
አልተመረጠችም። ሚያዝያ 6 አንድ ዕድል ቀርቷል፣ የመጨረሻ።
"አባዬ፣ ያን ቀን እባክህ አትምጣ።"
አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።
እናቷ ደግሞ በዚያ በኩል፦ "ዝም አይነቅዝም ስልህ ሃያ ዓመቴ።"

መጋቢት 10፣ ሰኞ
አንድ መድረሻ ሳልጠራ ዘለልኩ። ሰባት ሰው አውቶቡስ አመለጠው።

መጋቢት 12፣ ረቡዕ
ኤጀንሲው ቢሮ ሄድኩ። ምን ልል? እኔም አላውቅም። ኃላፊዋ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ወጣት ናት። የልጄን ስም ስነግራት፦
"አዳራሹን ያናወጡት አባት እርስዎ ነዎት?"
ሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። "በእኔ ጥፋት ልጄን አትቅጡብኝ" አልኩ።
"ማንም አይቀጣትም፣ ጋሼ። የኛ ችግር ሌላ ነው። ሕዝቡ ማጨብጨብ እንጂ ዝም ማለት አልለመደም። በየአዳራሹ የሚያስለምድ ሰው እናቆማለን፤ ያቆምነው ሁሉ ግን ትልቅ ሰው ዝም ማሰኘት ያፍራል። እርስዎ ያፍራሉ?"
እኔ? ማፈር?
"ፀጥታ" የሚል ሰሌዳ አስይዛ ላከችኝ። ጅብን የሥጋ ዘበኛ ማድረግ ይሏል ይሄ ነው።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ
የወንዶች ጨዋታ። ከመጀመሩ በፊት ለተመልካቹ ሕጉን በጉልበት አስረዳሁ፦ ጎል ሲገባ ጩኹ፣ ዳኛው ፀጥታ ሲል አፍ ይዘጋ። አንድ ባለ ከረባት ስልኩ ጮኸ። አፈጠጥኩበት። ስልኩን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይዞ ወጣ።
ዓይኔን ጨፈንኩና ቃጭሉን ሰማሁት። ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ይታወቃል ለካ! ሃያ ዓመት ሙሉ ልጄ እንዲህ ስታዳምጥ እኔ ላይዋ ላይ ስጮህ...

መጋቢት 24፣ ሰኞ
ለልጄ ነገርኳት።
"አንተ? ፀጥታ አስከባሪ?" እስኪያማት ሳቀች። ቀጥላ ግን፦ "እሺ፣ ና። ከጮህክ ግን ሁለተኛ የለም።"

ሚያዝያ 5፣ ዓርብ
እንቅልፍ እንጃ። ጩኸት ቢያመልጠኝስ?

ሚያዝያ 6፣ ቅዳሜ
ተመርጣለች። ተመርጣለች።
ሰሌዳውን ይዤ ቆሜያለሁ። አራት ጊዜ በግራዋ መጣባት፣ አራቱንም በገላዋ መለሰች። የነከስኩት ምላሴ አሁንም ያመኛል። ሊያልቅ ሲል ራሷ ወረወረች... ገባ!
አዳራሹ ፈነዳ። ሁሉም ይጮሃል። እኔ ብቻ ሰሌዳዬን ታቅፌ እንባዬን አፈሳለሁ። ልጄ ጆሮዋን ወደ ተመልካቹ አዘንብላ ቆመች። ጓደኛዋን ስትጠይቃት ሰማኋት፣ አምስት እርምጃ ብንራራቅ ነው፦
"አባዬ አልመጣም እንዴ? ድምፁ የለም።"
መጮህ ይፈቀድ ነበር። ከጉሮሮዬ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነው።
"አለሁ።"
በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል እንዴት እንደሰማችኝ አላውቅም። ፈገግ አለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዳኛው ፀጥታ አለ። ሰሌዳዬን አነሳሁ።